ውሃው ሰማያዊ አልነበረም፦ የውሃ ውስጥ ቪዲዮ ቀለም እንዴት ይስተካከላል? መቼስ መነካት የለበትም?

አምና ኅዳር ላይ ከዞናችን አንድ ቀበሌ አንድ ወጣት በቴሌግራም የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ላከልን። ስልኩን ግልጽ የሆነ የማር ዕቃ ውስጥ ከቶ፣ ዕቃውን ወንዝ ውስጥ እስከ ግማሹ ደፍቆ የቀረጸው ነው። ውሃው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ እንኳን አይታይም። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ይሄን ነው የምንቀዳው፤ እባካችሁ ልቀቁልን።»

ለቀቅንለት። ችግሩ ከመልቀቃችን በፊት ያደረግነው ነገር ነው። አንዳችን ቪዲዮውን ካፕከት ላይ አስገብቶ አውቶማቲክ ማስተካከያውን ነካ፣ ትንሽ ብርሃን ጨመረ፣ ቀለሙን ወደ ሰማያዊ ጎተት አደረገው። በክፋት አይደለም። ገጻችን ላይ የሚወጣ ቪዲዮ ሁሉ እንደዛ ተደርጎ ስለሚወጣ እጃችን ለምዶት ነው። ውሃው ቡናማነቱ ጠፍቶ ግራጫ መሰለ። ኮሜንት ላይ የመጡት ሰዎች «ይሄ ምን ሆነ? እኛ ሰፈር ከዚህ የባሰ አለ» አሉ። ልጁ ተናዶ ኦሪጅናሉን ራሱ ሲለጥፍ ደግሞ የባሰው መጣ፦ «የቱ ነው እውነተኛው? ሁለቱም የተቀባባ ነው።»

የሰፈሩ ሰዎች ቪዲዮውን ይዘው አቤት ሊሉ አስበው ነበር። ሁለት ቀለም ያለው ማስረጃ ይዞ ማን ፊት ይቆማል? ያወጣነውን አጥፍተን፣ ኦሪጅናሉን ከይቅርታ ጋር መልሰን ለጠፍነው፤ ግን ኢንተርኔት ላይ አንዴ የሄደ ነገር ሄዷል።

ከዛ በኋላ ቁጭ ብለን የውሃ ውስጥ ቀለም ነገር ምን እንደሆነ ማጥናት ጀመርን። ይሄ ጽሑፍ የዛ ውጤት ነው። ብዙዎቻችሁ ከባርታ ፏፏቴ፣ ከጎጀብ ዳር፣ ከየሰፈራችሁ ምንጭ ቪዲዮ ትልካላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም «ለምንድነው ስልኬ ውሃ ውስጥ ቀለሙን የሚያበላሸው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መልሱ ስልካችሁ አያበላሸውም ነው። ውሃው ነው የሚበላው።

ቃል በቃል ነው ይበላዋል የምንለው። የፀሐይ ብርሃን ነጭ ይምሰለን እንጂ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያሉት ቀለሞች ድብልቅ ነው። ውሃ እነዚህን ቀለሞች እኩል አያሳልፍም። ቀዩን ቶሎ ይውጠዋል፣ ሰማያዊውን ግን ሩቅ ድረስ ይለቀዋል። ንጹህ ውሃ ውስጥ ቀይ ብርሃን አንድ ሜትር በተጓዘ ቁጥር 30 በመቶ ገደማው ይጠፋል። 5 ሜትር ሲሄድ የሚተርፈው ከአምስት እጅ አንዱ አይሞላም። ሰማያዊው ግን 10 ሜትር ተጉዞም ከ90 በመቶ በላይ ይተርፋል። የባሕር ቪዲዮ ሁሉ ሰማያዊ የሚሆነው፣ ጠላቂው ቀይ ልብስ ለብሶ ጥቁር የለበሰ የሚመስለው በዚህ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሚቆጠረው ጥልቀቱ ብቻ አይደለም። ብርሃኑ ከላይ እስከ ዕቃው የወረደበትና ከዕቃው ተነስቶ ካሜራው ድረስ የመጣበት መንገድ ይደመራል። 5 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለን ነገር 2 ሜትር ርቃችሁ ከቀረጻችሁት፣ ቀዩ ብርሃን የተጓዘው 7 ሜትር ነው፤ የሚተርፈው 10 በመቶ እንኳን አይሆንም። ስለዚህ «ቅረብ» የሚለው ምክር ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ግማሽ ሜትር መቅረብ ኤዲቲንግ ላይ የግማሽ ሰዓት ልፋት ይቀንስላችኋል።

እስከዚህ ያልነው ስለ ንጹህ ውሃ ነው። አሁን ወደኛ እንምጣ፤ ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ሁሉ ለኛ አልሠራ ያለው እዚህ ጋ ነውና።

እነዛ አስተማሪዎች የሚቀርጹት ባሕር ውስጥ ነው። «ቀይ ጨምር፣ ሰማያዊ ቀንስ» ይሏችኋል። የኛ ወንዞች ግን የባሕር ውሃ አይደሉም። ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ውሃ የበሰበሰ ቅጠል ዘፍዝፎ ይይዛል፤ ልክ ሻይ ቅጠል ሙቅ ውሃን እንደሚያቀልመው ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ አፈር ይጨመርበታል። ይሄ የቅጠልና የአፈር ቅልቅል ከሁሉ አስቀድሞ የሚበላው ሰማያዊውን ብርሃን ነው። ከባሕር ተቃራኒ ማለት ነው! ሰማያዊው ሞቶ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ይቀራሉ፤ ውሃው ቡናማ ወይም ወይራ ቀለም ይሆናል። በባሕሩ ምክር ተመርታችሁ ቀይ ከጨመራችሁበት ውሃው ወጥ ይመስላል።

ደቡብ ሄዶ ያየ ሰው ይሄን በዓይኑ አይቶታል። አርባ ምንጭ ላይ ከከፍታው ሆናችሁ ስታዩ፣ በአንድ ቀጭን መሬት የተለያዩ ሁለት ሐይቆች አሉ። አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያደላል። ሰማዩ አንድ፣ ፀሐይዋ አንድ፤ ልዩነቱ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈው ደለል ነው። (መሬቱን የእግዜር ድልድይ ይሉታል። ቦንጋም የራሷ የእግዜር ድልድይ አላት፤ የኛው ግን በተፈጥሮ የተሠራ እውነተኛ የድንጋይ ድልድይ ነው፣ ሳንመካ።) አንድ ፊልተር ሠርታችሁ ለአባያም ለጫሞም ልትለጥፉት አትችሉም።

ማመን ካቃታችሁ ሞክሩት። አንድ የበሰለ ቀይ የቡና ፍሬና አንድ ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን ያዙ። ሁለቱን በነጭ ሰሃን ላይ አድርጋችሁ፣ ደለል ያለው ቡናማ ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አውርዱት። ከሁለቱ ቀድሞ ጥቁር የሚመስለው ሰማያዊው ክዳን ነው፤ ቡናው ቀላ እንዳለ ይቆያል። ንጹህና ጥልቅ ውሃ ቢሆን ቀድሞ የሚጠቁረው ቡናው ነበር። በዚች ሙከራ ብቻ ውሃችሁ የትኛውን ቀለም እንደሚበላ አወቃችሁ፤ ኤዲቲንግ ላይ የትኛውን ቀለም መመለስ እንዳለባችሁም አብራችሁ አወቃችሁ። ሰሃኑን አትጣሉት፣ በኋላ ይፈለጋል።

ውሃ ውስጥ የማይገባ ሰውም ቢሆን ይሄን ችግር ያውቀዋል። ጫካ ውስጥ ሰው ቀርጻችሁ ታውቁ የለ? ከደካም ሆነ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ውስጥ፣ ጥላ ስር፣ የሰው ፊት አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፤ የታመመ ይመስላል። ምክንያቱ ያው ነው። ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለራሱ ምግብ መሥሪያ ወስዶ አረንጓዴውን ወደ ታች ያሳልፈዋል። እኛ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ውስጥ የምንኖር ሰዎች፣ ዋና ሳንችልም የጠላቂን ችግር እንጋራለን ማለት ነው። ከታች የምንናገረው ሁሉ ለጫካ ቪዲዮም ይሠራል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ቡታን በ1893 እ.ኤ.አ. ገደማ ካሜራ ይዞ ባሕር ውስጥ ሲገባ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀለም አላሳሰበውም። የመጀመሪያው ባለቀለም የውሃ ውስጥ ፎቶ የተነሳው በ1926 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳ አጠገብ ነው፤ ዊሊያም ሎንግሊ የሚባል ተመራማሪና ቻርልስ ማርቲን የሚባል የናሽናል ጂኦግራፊክ ፎቶ አንሺ የአንድ ዓሣ ፎቶ አነሱ። ብርሃን ለማግኘት ውሃው ላይ የማግኒዥየም ዱቄት ያነዱ ነበር፤ በጣም አደገኛ ሥራ ነው። ዘዴያቸው ግን እስከ ዛሬ ትክክል ነው፦ ውሃው ብርሃን ከበላባችሁ የራሳችሁን ብርሃን ይዛችሁ ሂዱ።

በቅርቡ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ደርያ አካይናክና ታሊ ትራይቢትዝ የሚባሉ ሁለት ሴት ተመራማሪዎች ‹ሲ-ትሩ› የተባለ ዘዴ ይዘው መጡ። ከብዙ ፎቶዎች ተነስቶ እያንዳንዱ ነጥብ ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላና፣ ውሃው በዛ ርቀት የወሰደውን ቀለም በስሌት ይመልሳል። ኮራል ድንጋይ ከውሃ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ያህል ይታያል። ስልካችሁ ላይ ያለው ፊልተር ይሄን አያደርግም። ፊልተሩ ርቀት አያውቅም፤ ፊት ለፊት ያለውን ድንጋይና 3 ሜትር ርቆ ያለውን ዓሣ እኩል ነው የሚቀባው። ቅርቡ ሲስተካከል ሩቁ ይበላሻል፣ ሩቁ ሲስተካከል ቅርቡ ቀይ ይሆናል። ይሄ የእናንተ ስንፍና አይደለም፣ የመሣሪያው ወሰን ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ስልኩ።

ውድ ስልኮች ላይ ‹አይፒ68› የሚል ምልክት አለ። ሳምሰንግ ይሄን ምልክት ላላቸው ስልኮቹ የሚለው 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ 30 ደቂቃ፣ ያውም ንጹህ ውሃ ውስጥ ነው። አይፎን ከ12 ወዲህ ያሉት እስከ 6 ሜትር ይላሉ። ግን አፕል ራሱ ውሃ ገብቶበት ለተበላሸ ስልክ ዋስትና አይሰጥም፤ ይሄ ብቻውን ይበቃል። አንዴ ስክሪን የተቀየረለት ስልክ ደግሞ ማሸጊያው እንደ ድሮው አይደለም፤ ኩሬ አታስገቡት። ብዙዎቻችን የምንይዛቸው መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች አብዛኞቹ ከዝናብ ጠብታ ያለፈ ውሃ አይችሉም። ስለዚህ የማር ዕቃው ዘዴ ሞኝነት አይደለም። ልጁ ብልህ ነበር። አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ያልተጫረ ግልጽ ዕቃ ውሰዱ፤ ስልኩን ካሜራው ከጎኑ ተለጥፎ እንዲቆም አስገቡት፤ አፉን ከውሃ በላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ግፉት። ውሃው ስልኩን አይነካውም፣ ስክሪኑም እንደልብ ይሠራል። (ስክሪን ውሃ ውስጥ ንኪውን አያውቅም፤ ስልኩን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ የምታጠልቁ ሰዎች መቅረጽ የምትጀምሩት በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ነው።)

ደግሞ እባካችሁ፦ ውሃ ከላይ ሲታይ ካለው ጥልቀት ያነሰ ይመስላል። ብርሃን ከውሃ ሲወጣ ስለሚታጠፍ 2 ሜትር የሚሆነው አንድ ሜትር ተኩል ይመስላችኋል። ለላይክ ብሎ የማያውቁት ወንዝ ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ዳር ላይ ተንበርክካችሁ የሚገኘው ቪዲዮ ይበቃል።

ከመቅረጻችሁ በፊት የስልካችሁን ዋይት ባላንስ ቆልፉት። ዋይት ባላንስ ስልኩ «ነጭ ማለት ይሄ ነው» ብሎ የሚወስንበት ነገር ነው። አውቶማቲክ ላይ ከተዋችሁት በየሰከንዱ ሐሳቡን ይቀይራል፤ ቪዲዮው መሃል ላይ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ታያላችሁ። ያን ኤዲት አድርጎ ማስተካከል ጭንቅ ነው። ‹ፕሮ ቪዲዮ› የሚል ሞድ ያላቸው ስልኮች ላይ አንድ ቁጥር መርጣችሁ መተው ትችላላችሁ። ያ ከሌላችሁ ‹ብላክማጂክ ካሜራ› የተባለው ነጻ አፕ አለ፤ ለአይፎንም ለአንድሮይድም ወጥቷል፣ አንድሮይድ ላይ ግን ሁሉንም ስልክ አይቀበልም።

ከዛ ያቺ ነጭ ሰሃን። መቅረጽ ስትጀምሩ ሰሃኗን የምትቀርጹት ነገር አጠገብ፣ በዛው ጥልቀት ላይ፣ 3 ሰከንድ ያህል አሳዩ። በቃ። ቤት ስትገቡ «እውነተኛው ነጭ እዚህ ምን መስሎ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዛችኋል ማለት ነው። ሰሃን ካጣችሁ የነጠላ ጫፍም ይሆናል። ባትሪ ካላችሁ ከዕቃው ጎን ይዛችሁ አብሩ፤ ከካሜራው አጠገብ ካበራችሁት ደለሉ ብርሃኑን መልሶ በረዶ የሚዘንብ ያስመስለዋል።

አሁን ካፕከት። ክሊፑን ነክታችሁ ‹አጀስት› የሚለውን ክፈቱ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ‹ሳቹሬሽን› ነው፤ እሱን የመጨረሻ አድርጉት። መጀመሪያ ብርሃኑን አስተካክሉ፤ ሰሃኗ ነጭ እንጂ የተቃጠለች እንዳትሆን። ቀጥሎ ‹ቴምፕሬቸር›፣ ማለትም ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚወስደው። ውሃችሁ ሰማያዊ ከሆነ ወደ ቢጫ ግፉት፤ የኛ ዓይነት ቡናማ ከሆነ ወደ ሰማያዊ፣ ግን በትንሹ። ቀጥሎ ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ የሚወስደው አለ፤ ‹ቲንት› ወይም ‹ሂው› ብሎ ታገኙታላችሁ። ለጫካም ለወንዝም ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው፤ ወደ ሮዝ ስትገፉት አረንጓዴው ይረግባል። ይሄን ስታደርጉ ዓይናችሁ ሰሃኗ ላይ ብቻ ይሁን። ዓሣውን አትዩ፣ ውሃውን አትዩ። ሰሃኗ ግራጫ ወይም ነጭ ስትሆን አቁሙ። ከዛ ውሃው የደበዘዘ ስለሚሆን ‹ኮንትራስት› ጨመር፣ ጥቁሩን ዝቅ አድርጉ። የመጨረሻዋን ሳቹሬሽን ካስፈለገ ብቻ።

‹ኤችኤስኤል› የሚለው ደግሞ አንዱን ቀለም ለይቶ ለመንካት ነው። የጫካ ቪዲዮ ላይ ፊቱ ተስተካክሎ ቅጠሉ ሲደበዝዝ አረንጓዴውን ብቻ እዚህ ትመልሱታላችሁ። ‹ከርቭ› ለሚችል ሰው ከሁሉም ይሻላል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮችን ለየብቻ ስለሚሰጣችሁ። አንዳንድ ነገሮች ክፍያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ እስካሁን የጠቀስናቸው ግን በብዙ ነጻ አፖች ላይም በሌላ ስም አሉ።

እየጠለቀ ወይም እየተነሳ የሚሄድ ቪዲዮ ከሆነ በአንድ ማስተካከያ አይሆንም። ጥልቀቱ ሲቀየር የሚበላው ቀለምም ይቀየራልና ክሊፑን ቆራርጣችሁ ለየብቻ ሥሩት።

ላፕቶፕ ላላችሁ ‹ዳቪንቺ ሪዞልቭ› አለ። ነጻው ቨርዥን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ኢንተርኔት ጥሩ በሚሆንበት ሰዓት አውርዱት፤ ራሙ ትንሽ በሆነ ማሽን ላይ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። እዛ የምንወደው ‹ፓሬድ› የሚባለው ሥዕል ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ክምሮች ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ሰሃኗ ስትታይ ሦስቱ እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። የባሕር ቪዲዮ ሲሆን ቀዩ ክምር መሬት ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ፤ የኛ ወንዝ ሲሆን ሰማያዊው። ዓይን ይሸወዳል፣ በተለይ ማታ በደብዛዛ ስክሪን፤ ክምሩ ግን አይሸወድም። ያጠረውን ክምር ‹ጌይን› በሚለው ክብ ከፍ፣ የረዘመውን ዝቅ ታደርጋላችሁ።

ክምሩ ጭራሽ ከሌለስ? እዚህ ጋ እውነቱን እንነጋገር። ስልክ ቪዲዮውን ጨምቆ ነው የሚያስቀምጠው፤ በተለይ የቀለም መረጃውን በደንብ ይቀንሰዋል። ሰማያዊው ቻናል ውስጥ ምንም ካልተቀረጸ፣ ዜሮን በአሥር ብታባዙት ዜሮ ነው። ትንሽ ካለ ደግሞ ስታበዙት አብሮ የሚበዛው ጫጫታው ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚንጫጫ ነጠብጣብ ይሞላል፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ሲጨምቁት ደግሞ ጭቃ ይሆናል። ባለሙያዎች ‹አርጂቢ ሚክሰር› በሚለው መሣሪያ ከአረንጓዴው ቻናል ቆንጥረው ለጠፋው ያበድራሉ። ያምራል፣ ይሠራል። ግን ምን እንዳደረጋችሁ እወቁት፦ የጠፋውን ቀለም አልመለሳችሁም፣ የሚመስለውን ነው የተካችሁት። ‹ኤአይ ኢንሃንስ› የሚሉት አዝራሮች ደግሞ ከዚህም አልፈው ያልነበረ ድንጋይ፣ ያልነበረ ጥራት ፈጥረው ያስገባሉ።

ስለ ሰው ቆዳ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። አውቶማቲክ ማስተካከያዎች ፊት ሲያገኙ ማንጣት ይወዳሉ። ሪዞልቭ ላይ ‹ቬክተርስኮፕ› የሚባል ክብ ሥዕል አለ፤ በላዩ የቆዳ ቀለም የሚያርፍበት አንድ መስመር አለ። የጥቁሩም የቀዩም የነጩም ሰው ቆዳ እዛው መስመር አካባቢ ነው የሚያርፈው፤ ልዩነቱ በዋናነት ብሩህነቱ ነው። ስለዚህ ፊት አረንጓዴ ከሆነባችሁ ቀለሙን ወደ መስመሩ መልሱ፣ ብርሃኑን ግን አትንኩት። ጠይም ሰው ጠይም ሆኖ ይውጣ። የገጻችን ቪዲዮዎች ላይ እናቶቻችንን ስናነጣ ከርመናል፤ አሁን ትተናል።

ወደ መጀመሪያው ቪዲዮ እንመለስ። ቡናማ ውሃ ሁሉ የተበከለ አይደለም፤ የቅጠል ቀለም ያለው የጫካ ምንጭ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ጥርት ያለ ውሃ የሚያሳምም ነገር ሊይዝ ይችላል። የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ በውስጡ ያለው ስኳርና ልጣጭ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣና ሌላው ነፍሳት ይታፈናሉ። ያ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲለካ ነው እንጂ በቪዲዮ አይደለም። የልጁ ቪዲዮ ይሄን አላረጋገጠም፤ ሊያረጋግጥም አይችልም ነበር። የሚችለው አንድ ነገር ነበር፦ ሰው ቆም ብሎ «ይሄ ውሃ ለምን እንዲህ ሆነ? ይለካ» እንዲል ማድረግ። እኛ በአንድ ጣት ያጠፋነው ያንን ነው።

ታዲያ ቀለም ማስተካከል ሁሉ ውሸት ነው ማለታችን ነው? አይደለም፤ እዚህ ላይ በመሃላችንም ተከራክረናል። አንዳችን «ስልኩ ራሱ ሲቀርጽ ቀለም ይመርጣል፣ ያልተነካ ቪዲዮ የሚባል የለም» ይላል። ልክ ነው። ግን ልዩነት አለ። የዓሣውን ወይም የድንጋዩን ቀለም ማሳየት ከፈለጋችሁ ውሃው መጋረጃ ነው፤ መጋረጃውን መግፈፍ ተገቢ ነው። ዜናው ውሃው ራሱ ከሆነ ግን መጋረጃው ነው ወሬው። እሱን ከገፈፋችሁ ምን ቀረ? ለቱሪስት የሚሠራ የፏፏቴ ቪዲዮም መሃል ላይ ነው ያለው፤ የክረምት ቡናማ ወንዝን ሰማያዊ አድርጎ ማውጣት፣ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ «የታለ?» እንዲል ማድረግ ነው። ባርታ በጥቅምት ያምራል፤ በሐምሌ ደግሞ ሌላ ዓይነት ኃይል አለው። ለምን ይዋሻል?

አሁን ገጻችን ላይ የምንሠራው እንዲህ ነው። ውሃ ዜና የሆነበት ቪዲዮ ላይ ቀለም አንነካም፤ የፊት መሸፈኛና ጽሑፍ ካልሆነ በቀር። የተፈጥሮ ቪዲዮ ላይ ስንነካ ከታች «ቀለሙ ተስተካክሏል» ብለን እንጽፋለን፣ የመጀመሪያዎቹን 2 ሰከንዶችም ያልተነካውን እናሳያለን። ኦሪጅናሉን ደግሞ ኮፒ አድርገን በሌላ ቦታ እናስቀምጣለን፤ ኤዲት የምናደርገው ኮፒውን ብቻ ነው።

ቪዲዮ የምትልኩልን ልጆች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። ነጭ ሰሃኗን አሳዩን። የቀረጻችሁበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጻፉልን፤ ዝናብ ዘንቦ ከነበረም ንገሩን። ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን ‹እንደ ፋይል› አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ራሱ ቴሌግራም ጨምቆ ቀለሙን ይቀንስባችኋል። የማር ዕቃውን ልጅም አግኝተነው ነበር። ዘንድሮም የማጠቢያው ወራት ሲደርስ በዛው ቦታ፣ በዛው ዕቃ፣ ሰሃን ጨምሮ በየሳምንቱ ሊቀርጽልን ነው። ሳንነካው እንለቀዋለን።